ዛሬ ይለይልናል

የድርጅቱ ባለቤት ባራክ ቢሮው ውስጥ ጭንቅላቱን በብረት ተመትቶ ሞቶ ሲገኝ ገና እኩለ ቀን አልሆነም ነበር። ነገሩ የሆነው በ1996 እ.ኤ.አ.፣ እስራኤል፣ ናታንያ ከተማ፣ ፖሌግ የኢንዱስትሪ ዞን ባለ ትንሽ ድርጅት ውስጥ ነው። ውስጥ የነበሩት ሦስት ናቸው፤ የባራክ የሥራ ሸሪክ የሆነችው ሺሪ፣ የኔትወርክ ቴክኒሻኑ ሽሎሚና መሐንዲሱ ደጀን። ጥቁሩ አንድ ብቻ ስለሆነ ፖሊሶቹ ብዙ አልተጨነቁም፤ ካቴናውን ለደጀን አወጡ።

መርማሪ ሐረጓ እንደደረሰች አለቃዋ ደወለ። «ኢትዮጵያዊውን ይዘሽ ነይ።»

«ሳልመረምር አላመጣም» ብላ ዘጋችበት።

ሽሎሚ ቃሉን ደገመላት። «ደጀን ለባራክ ‹ዛሬ ይለይልናል› ብሎ ጻፈ። በኔትወርኩ ሲያልፍ ከክፍሌ ሆኜ አየሁት። መስመሩን ሁልጊዜ እከታተላለሁ።»

«ባራክ ቢሮ ገብተህ ነበር?»

«ዛሬ እግሬም አልረገጠውም።»

ወደ ደጀን ዞረች። «ጽፈሃል?»

«ጽፌአለሁ፣ እህቴ። ለማንም ግን አልተናገርኩም። መሐንዲስ ብሎ ቀጥሮ ማህሳን፣ መጋዘኑ ውስጥ ካርቶን ያሸክመኛል። ዛሬ ወይ ሥራዬን ይሰጠኛል ወይ እለቃለሁ ማለቴ ነው። አልነካሁትም! የሚሽታራን፣ የፖሊሶቹን ወረቀት አልፈርምም፤ ከፈለጉ እስር ቤት ይክተቱኝ።»

ሺሪን ለብቻዋ አነጋገረቻት። «ሰሞኑን የተቀየረ ነገር አለ?»

«የኮምፒውተር ደብዳቤዎቻችን ለተፎካካሪ እየሾለኩ ነበር» አለች ሺሪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ባራክ ዛሬ ጠዋት፣ ሽሎሚ ሳይገባ፣ ቢሮው ቁም ሳጥን ውስጥ ያለውን፣ ኮምፒውተሮቻችንን የሚያገናኘውን ‹ሀብ› የሚባል መሣሪያ አንስቶ በምትኩ ‹ስዊች› የሚባለውን ተከለ። ለማንም እንዳትነግሪ አለኝ።»

ሐረጓ ሁሉንም ሽሎሚ ክፍል ሰበሰበች። ሺሪ ሄዳ ከባራክ ኮምፒውተር ወደ ደጀን፣ ቀጥላም ከደጀን ወደ ባራክ መልእክት ልካ ተመለሰች።

«አንብብልን» አለችው ሐረጓ።

ሽሎሚ ስክሪኑ ላይ አፈጠጠ። ምንም አልመጣም።

«ሀብ የሰማውን ለሁሉም ይጮኻል፤ የሰው ደብዳቤ ስታነብ የኖርከው በዚህ ነው። ስዊች ግን ገመድ በተሰካበት በየበሩ የሚገባውን መልእክት የላኪ አድራሻ እያየ፣ ማን በየትኛው በር እንዳለ ይማራል። ወደ ሁሉም በር የሚልከው የማያውቀው አድራሻ ሲገጥመው ነው፤ ካወቀው ግን ለባለቤቱ በር ብቻ ይሰጣል። ባራክ ጠዋቱን ሙሉ ሲጻጻፍ ነበርና በሩ ታውቋል። ስለዚህ የደጀን መልእክት ወዳንተ አልመጣም። ያነበብከው እዚያው ባራክ ጠረጴዛ ላይ ነው። ሌብነትህን ሲነግርህ መታኸው፤ መልእክቱን ስክሪኑ ላይ አየህና ስክሪኑን አጥፍተህ ጥፋቱን ደጀን ላይ ለጠፍክ።»

ሽሎሚ ከወንበሩ ብድግ አለ። «ማን ነው የቀየረው?»

«የገደልከው ሰው።»

ካቴናው ሽሎሚ እጅ ላይ ገባ። ሺሪ ደጀንን ቀና ብላ ማየት አልቻለችም። «ወደ ሰፈርህ ኪርያት ኖርዳው የሚሄደው አውቶቡስ ሳያመልጥህ ቤትህ ሂድ፤ ዕረፍ» አለችው።

ደጀን ወንበር ስቦ ፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ጥያቄዬ አልተመለሰም። ባራክ የለም፤ አንቺ አለሽ። ዛሬ ይለይልናል።»