ከደጀኑ ኋላ የመጡት

ቀረብ በሉ። እሳቱን አትቆስቁሱት፣ በራሱ ጊዜ ይሙት። ይኼ ታሪክ ብርሃን አይወድም።

ጨረቃ የሌለችበት ሌሊት ነበር። ጉም ነበር። መንገዱ ደግሞ መንገድ አይባልም፤ የገደል ከንፈር ነው። በቀኝ ግንብ፣ በግራ ገደል። በመካከል አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ። አንድ ሰው ብቻ።

በዚያ መንገድ የሚሄድ ሰው ነበር። ቢያድግልኝ ይባላል። አገሩን አልነግራችሁም። ዘሮቹ ዛሬም እዚያው አሉ፣ ስሙ በጨለማ ሲነሣ ደስ አይላቸውም።

ቢያድግልኝ ብቻውን አልነበረም። ከፊቱ አብሮት የሚሄድ ጦር አለ። ስንት ነው አትበሉኝ፣ ብዙ ነው። ጦሩ የፊታውራሪ ሽበሺ ነው። ግንቡ ደግሞ ከተራራ እስከ ተራራ የተዘረጋ፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ አንድ በር ብቻ ያለው ግንብ ነው። ፊታውራሪ በሩን በእሳት ሞከሩት። በግንድ ሞከሩት። በረሃብ ሞከሩት። አልተከፈተም። ክረምት መጣ፣ ሄደ። ደግሞ መጣ። ጎረምሳ ሆኖ የዘመተው ድንኳን ውስጥ ሸበተ። በመጨረሻ አንድ ጨው ነጋዴ መጥቶ፣ "ግንቡ ገደሉን በሚነካበት ላይ፣ ከሥሩ የፍየል መንገድ አለ። ጫፉን ዞሮ በጀርባ ያወጣል" አላቸው።

ይኸው ነው። በቅሎው ቀረ። ድንኳኑ ቀረ። ነጋሪቱም ቀረ። ግንቡ ላይ ዘብ ስላለ ችቦ ተከለከለ፣ ወሬ ተከለከለ። "እያንዳንዱ ከፊቱ ያለውን ሰው የጋቢ ጫፍ ይያዝ" ተባለ። ያዙ። ሄዱ። ሄዱ፣ ሄዱ፣ ሄዱ።

ቢያድግልኝ የመጨረሻው ነው፣ ደጀኑ። ሥራው ነው። ጦር ሲጓዝ ከሁሉም ኋላ ይሄዳል። የተቀመጠውን "ተነሥ፣ ወንድሜ" ይላል። የወደቀውን ይደግፋል። ለሽንት ዞር ያለ ካለ ቆሞ ይጠብቅና ያሳልፈዋል። ከእሱ ኋላ ሰው መቅረት የለበትም። ጓደኞቹ "ጅራቱ" ነበር የሚሉት። ሰፈር ሲደርሱ ፊታውራሪ የሚጠይቁትም እሱን ነው፤ "ሁሉም አልፏል?" እሱ "አልፏል" ሳይል ጦሩ አያርፍም።

ደክሞታል። ድካም ስላችሁ የእርሻ ድካም አይምሰላችሁ፤ እሱንስ እንቅልፍ ያወጣዋል። ይኼ አጥንት ውስጥ ገብቶ ቤት የሠራ ድካም ነው። የሚስቱን የትሁኔን መልክ ለማስታወስ ይሞክራል፣ ድምጿ ይመጣለታል፣ መልኳ አይመጣለትም።

ከፊቱ ያለው ሞላልኝ ነው፣ የድሮ ጓደኛው፣ እግሩ የቆሰለ።

"እግርህስ?" አለው ቢያድግልኝ በሹክሹክታ።

"የቱ እግር? እኔ እሱን ከበሩ ዘንድ ትቼው መጥቻለሁ።"

ሁለቱም አልሳቁም። ሄዱ።

ኋላ ላይ ቢያድግልኝ ከጀርባው ጠጠር ሲንሸራተት ሰማ። ቆመ። አዳመጠ። እንደገና ሄደ። አሁን ኮቴ ሰማ። ምን አሰበ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታስባላችሁ? የዘገየ ሰው ነው፣ ሳላየው አልፌው ነው ብሎ አሰበ። አፈረም።

"ወንድሜ፣ አሳልፈኝ" አለ ከኋላ ያለው። የደከመ ድምፅ ነው።

ቢያድግልኝ የሞላልኝን ጋቢ ለቀቀና ጀርባውን ከግንቡ ጋር አጣበቀ። "እለፍ። በርታ" አለው። ሰውየው አለፈ። ሲያልፍ ብርድ ነካው፣ የእርጥብ አፈር ሽታም ሸተተው። ሌሊት ነው፣ ጉም ነው፤ ሌላ ምን ሊሸት ኖሯል?

ሊከተለው ሲል ሌላ ድምፅ መጣ። "ወንድሜ፣ አሳልፈኝ።"

አሳለፈ። ሌላ መጣ። አሳለፈ። ሌላ መጣ። "እለፍ፣ በርታ። እለፍ፣ በርታ።" ከልማድ ነው የሚለው፣ አፉ እንጂ ልቡ እዚያ የለም። ቆየት ብሎ ግን ልቡም ነቃ። ይኼ ሁሉ ሰው መቼ ነው ወደ ኋላ የቀረው? ደግሞስ እኔ የያዝኩት መንገድ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ አይደለም? ታዲያ በየት ነው የሚያልፉት?

እግሩን ቀስ አድርጎ ዘረጋ። እነሱ የሚረግጡበትን ፈለገ።

መሬት የለም። አየር ነው።

ይጩህ? ቢጮህ ዘቡ ይሰማል፣ ድንጋይ ከላይ ይወርዳል፣ ጓደኞቹ አንድ ባንድ ይረግፋሉ። ይሩጥ? ወዴት? እጁን አፉ ላይ አደረገና ቆመ። ሲፈራም ደክሞት ነበር፤ ፍርሃቱ እስከ ጉልበቱ መጥቶ እዚያው ቆመ።

ቀጥሎ የመጣውን፣ "የማን ጭፍራ ናችሁ?" አለው።

"የደጃች አስጎምድ።"

ቢያድግልኝ ያንን ስም ያውቀዋል። አያቱ "የእኔ አያት ነገረኝ" እያለ ያወራው ነበር። ግንቡን እዞራለሁ ብሎ ሄዶ ወሬው የጠፋ ጦር።

"ምን አገኛችሁ?"

"ጌታችን ከፊት ነበሩ። ጉሙ ውስጥ እግራቸው ስቶ ወረዱ። እኛ የጋቢ ጫፍ ይዘን ነበር። ያዙ ተብለን የለ? ልቀቁ ያለን የለም። እስካሁን እንሄዳለን። አሳልፈኝ፣ ወንድሜ።"

አሳለፈው። ምን ያድርግ? ሥራው ነው። ከእሱ ኋላ ሰው መቅረት የለበትም።

ሊነጋ ሲል የመጨረሻው መጣ። እሱ አሳልፈኝ አላለም። ከጀርባው ቆመና ጠበቀ።

"አንተስ አታልፍም?" አለው ቢያድግልኝ።

"እኔ ደጀን ነኝ። ሰው ሳላሳልፍ አላልፍም። አንተ እለፍ።"

"እኔም ደጀን ነኝ።"

ሁለቱ ጅራቶች እዚያ ጨለማ ውስጥ ቆሙ። ኋላ ቢያድግልኝ፣ "አንተ የቆየኸው ይበዛል፣ ዛሬ እኔ ልሁን" አለው። የመጨረሻው ሰውዬ ቀስ ብሎ አለፈ። ሲያልፍ የተነፈሰ መሰለ።

ቢያድግልኝ ጫፉን ዞሮ ወጣ። ከግንቡ ጀርባ ጎድጓዳ ጫካ አለ፣ ጦሩ እዚያ ተቀምጧል። ሞላልኝ ከዛፍ ሥር ሆኖ ጠበቀው፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

"ቢያድግልኝ፣ ሰው በዝቷል" አለው።

በዝቷል። በሁለት ሰው መካከል አንድ ሰው አለ። አይበላም። አይጠጣም። ጤዛው ሣሩን ሁሉ አርሶታል፣ የተቀመጡበት ሣር ግን አልታጠፈም። ወታደሩ ወደ ጎኑ አያይም፤ ፊት ፊቱን ብቻ ያያል።

ፊታውራሪ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ በትር ይዘዋል። "ሁሉም አልፏል?" አሉ።

"አልፏል፣ ጌታዬ። የእኛ ያልሆነም አልፏል።"

የሆነውን ነገራቸው። ፊታውራሪ አልተቆጡም። ሄደው ካልታጠፈው ሣር ላይ ከተቀመጡት አንዱ ፊት ቆሙ።

"ምን ትፈልጋለህ?"

"ትእዛዝ፣ ጌታዬ።"

"የምን ትእዛዝ?"

"እርስዎ የሚሉኝን።"

ሞላልኝ እያነከሰ ተጠጋቸውና፣ "ጌታዬ፣ ግንቡ እኮ በጀርባው ክፍት ነው። ዘቡም ወደዚህ አያይም። ዛሬ ማታ ብንወርድ ያልቃል" አላቸው።

"አያለሁ፣ ልጄ። ውጉ ብል የእኛው ዛሬ ማታ ይዋጋና ያበቃል። እነዚህስ? ማን በቃችሁ ይላቸዋል? እኔም ነገ ብሞት እንደ ደጃች አስጎምድ ትቼያቸው መሄዴ ነው።"

"ለእነሱ ለብቻ ይዘዙላቸዋ።"

"ከሣሩ ከተነሡ ማንኛው የእኔ፣ ማንኛው የእሳቸው እንደሆነ በምን ልለይ? እስቲ እያቸው። ፊታቸው አንድ ሆኗል።"

ሞላልኝ አየ። እውነት ነው። ሕያውም ሙትም አንድ ዓይነት ፊት ነው ያለው።

ፊታውራሪ ድንጋይ ላይ ወጡ። ድምፃቸው ከሰለለ ቆይቷል፣ የዚያን ዕለት ግን ተሰማ። "ጦሩ ተፈቷል። የእኔም፣ የደጃች አስጎምድም። የያዛችሁትን ልቀቁ። ሁላችሁም ወደየቤታችሁ ግቡ።"

መጀመሪያ የተነሡት እነዚያ ናቸው። ልብሳቸውን አራግፈው፣ እርስ በርስ እጅ ነሥተው፣ ጉሙ ውስጥ ገቡ። የሕያዋኑ ጦር ግን ብዙ ተቀመጠ። ቤት የሚባለውን ነገር ረስተውት ነበር። ኋላ አንዱ አለቀሰ፣ ሌላው ጫማውን አሰረ፣ ተነሡ።

በመጡበት የገደል ከንፈር ተመለሱ፣ በጠራራ ፀሐይ። ዘቡ ከላይ አያቸው። ድንጋዩን አንሥቶ ነበር። ጀርባውን አዙሮ ወደ ቤቱ በሚሄድ ሰው ላይ ማን ይወረውራል? ድንጋዩን መልሶ አስቀመጠ። እሱም ደክሞት ነበር።

መንገዱ በየመለያያው ሰው ወሰደ። አንዱ በዚህ፣ አንዱ በዚያ። ሞላልኝ ወንዙ ዘንድ ተሰናብቶት ተለየ። ቢያድግልኝ ብቻውን ቀረ። መሸ። መንደሩ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው፣ ውሻ ሲጮህ እየሰማ፣ ከጀርባው ኮቴ መጣ።

"ወንድሜ" አለ ድምፁ። ያ ደጀን ነው። "ሁሉንም በየቤቱ አስገባሁ። አንድም አልቀረኝም።"

ቢያድግልኝ ዞር አላለም። "አንተስ?"

"የእኔን ቤት ረሳሁት።"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? ለዚህ ነው ብቻችሁን በማታ አትሂዱ የምላችሁ። ሁለት ሆናችሁ ስትሄዱ የሚጠይቃችሁ የለም፤ ብቻውን የሚሄድ ሰው ግን ይጠየቃል፣ ሲጠየቅም እንቢ ማለት ያቅተዋል።

ቢያድግልኝ ሂድ አላለውም፣ መንገዱን ቀጠለ። ኮቴውም ቀጠለ። ቤቱ ደረሰ። በሩን መታ። ትሁኔ ከፈተች፣ አየችው፣ ተንበርክካ እግሩን ያዘች፤ እሱም መልኳን አየ። አስነሣት፣ ገባ። በሩን ግን አልዘጋውም። እጁን በሩ ላይ አድርጎ ቆመ።

"ምነው አትዘጋውም?" አለችው። "ብርዱ እኮ ገባ።"

ቢያድግልኝ የእርጥብ አፈር ሽታ በአጠገቡ እስኪያልፍ ጠበቀ።

"አዎ" አላት። "ገብቷል።"

ከዚያ በሩን ዘጋው።