በሙከሚል ግቢ ያበጡት ዶሮዎች

ቡታጅራ ውስጥ ሙከሚል የሥጋ ዶሮዎቹ ሆዳቸው ተነፍቶ ሃያ ሦስቱ ሞተው ሲያገኝ አላመነታም፤ መርዛብኝ ነው ብሎ ሠራተኛውን ነዒማን መኖ ቤት ቆለፈባትና ፖሊስ ጠራ። የእንስሳት ሐኪሟን ዓለምዘውድንም የጠራት መርዙን እንድትመሰክርለት ነው።

እሷ ግን መጀመሪያ የሄደችው ወደ ተቆለፈው በር ነው።

«ነዒማ፣ መቼ ተቀጠርሽ?»

«ሰኞ፤ ዛሬ አራተኛ ቀኔ ነው። ወላሂ ምንም አላደረግኩም። ፖሊስ ከወሰደኝ እናቴ በምን ዓይኗ ሰው ታያለች? ዶክተር፣ ፈርቻለሁ፤ ጥለውኝ አይሂዱ።»

«የትም አልሄድም።»

ሐኪሟ የአንዱን ዶሮ ሆድ ስትቀደው ቢጫ ውሃ ዥው አለ። ልቡ አብጧል። ዶሮ ቤቱ ስትገባ ትንፋሽ አጠራት፤ መሀሉ ላይ ከሰል ይጨሳል፣ መስኮቶቹ በላስቲክ ተሸፍነው በጭቃ ተለስነዋል። የሞቱት በሙሉ ከጓሮ በኩል ናቸው።

«መስኮቱን ማን ደፈነው?»

የሙከሚል ሚስት መሕቡባ ባሏን አየችው። «እሱ ነው፣ ጫጩቶቹ የገቡ ዕለት። ወር ሊሞላው ነው።»

«ብርድ እንዳይመታቸው ነዋ» አለ ሙከሚል። «ለአረፋ ሰንጋ ሳደልብ ጓዳ አስገብቼ፣ ነፋስ ሳላስነካ ነው። አባቴም እንደዚሁ ነበር።»

ዓለምዘውድ ባልና ሚስቱን መኖ ቤቱ በር ላይ ሰበሰበቻቸው፤ ነዒማ እንድትሰማ።

«መርዝ ቢሆን ከአንድ መኖ የበሉት ሁሉ ይታመሙ ነበር። በር ሥር ያሉት ግን ደህና ናቸው፤ በስንጥቁ አየር ያገኛሉ። ሰንጋ ቀስ ብሎ ነው የሚሰባው። እነዚህ ግን ባንዴ ስለሚያድጉ ብዙ አየር ይፈልጋሉ። አየር ሲያጥራቸው ልባቸው ከአቅሙ በላይ ሠርቶ ያብጣል፣ ይደክማል፤ ውሃው ሆዳቸው ውስጥ ይጠራቀማል። ልብ ደግሞ በአራት ቀን እንዲህ አያብጥም። ነዒማ ስትመጣ በሽታው እዚህ ነበር።»

ሙከሚል ሆዬ ወደ ደፈነው መስኮት ዞረ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

«ሲሳሱላቸው ነው። ግን እርስዎ ነዎት።»

የፖሊሶቹ ሞተር ደጅ ላይ ቆመ። ነዒማ ከውስጥ ማልቀስ ጀመረች። ሙከሚል መዶሻ አንስቶ ወደ ዶሮ ቤቱ መስኮት ሊሮጥ ሲል ሐኪሟ ክንዱን ያዘችው።

«መጀመሪያ የልጅቷን በር።»

ቁልፉን ሁለት ጊዜ ስቶ በሩን ከፈተ። ነዒማ ግድግዳ ይዛ ወጣች፤ አየሩን በረጅሙ ሳበችው። ሙከሚል በትከሻዋ በኩል ወደ ውስጥ አየ። የዚህንም ቤት መስኮት የለሰነው ራሱ ነበር።

«ተጠርጣሪዋ የታለች?» አለ ፖሊሱ እየገባ።

ሙከሚል መዶሻውን መሬት አስቀመጠ። «እሷን ተዋት» አለ። «የደፈንኩት እኔ ነኝ።»