ቀዩ የሞተር ገመድ

ይህን ከሰው ሰምቼ አይደለም። በዓይኔ ያየሁትን፣ በእጄ የነካሁትን ነው የምነግራችሁ። "ጉም አታሎህ ነው" የሚለኝ ካለ ይምጣና ሞተሩን አብረን እንፍታው። ሞተሩ ዛሬም ጋራዤ ውስጥ ጨርቅ ለብሶ ተቀምጧል።

ገመዱን ግን አትጠይቁኝ...

ጊዜው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ፀሐይ አናት የምትበሳበት ሰዓት ነው፤ የዚያን ቀን ግን ሐይቁ ላይ ጉም ተኝቷል።

እኔ የጀልባ ሞተር ጠጋኝ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ ዓሣ አጥማጅ ነው። "ጥድፊያ" ነው የምንለው። ሲበላም ሲያወራም የሚያሳድደው ያለ ይመስላል። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች" ብዬ ብዬ አፌ ዝሎ ትቼዋለሁ።

ሞተር ሲያስነሳ እንኳ አያርፍም። አሮጌ ሞተር ማባበል ይፈልጋል። የማስነሻውን ገመድ ሁለቴ ቀስ አድርገህ ትስባለህ፣ ቤንዚኑ ይወርዳል... ሦስተኛውን በሙሉ ጉልበትህ።

"ሁለቴ ቀስ፣ ከዚያ ጠንከር!" እለዋለሁ።

"እሺ ጌታዬ!" ይልና ገና ከመጀመሪያው ይመነጭቀዋል። አንድ ቀን እንኳ ሰምቶኝ አያውቅም።

ያን ቀን ጠዋት መረብ ሊያነሳ ብቻውን ወጣ። አልተመለሰም። ሌሎቹ ጀልባዎች ሁሉ ማዶ ተሻግረዋል። ጀልባ የሚታሰርበት የእንጨት ድልድይ ላይ የቀረነው እኔና ሚስቱ፣ ዋርሳዬ፣ ብቻ ነን።

"ጋሼ... ሰማህ?"

ሰማሁ። የእሱ ሞተር ነው። ያንን ሳል ከሺህ መሃል እለየዋለሁ።

"ተመስገን!" አለች።

ጀልባዋ ከጉሙ ወጣች። ቀስ ብላ መጥታ ድልድዩን ነካች። ሞተሩ ጸጥ አለ።

ማንም አልነበረባትም።

"ወድቆ ነው! ዋና ይችላል እኮ! ጋሼ፣ አስነሳውና እንሂድ!"

ዘልዬ ገባሁ። ሁለቴ ቀስ... አንዴ ጠንከር።

ምንም።

ደገምኩት። ምንም።

ክዳኑን አነሳሁና ሞተሩን ነካሁት። እጄን ወዲያው ሰበሰብኩ። አሁን የጠፋ ሞተር ያቃጥላል።

ይሄ በረዶ ነው።

ለእሷ አልነገርኳትም። ቤንዚኑን የሚለኩሰውን ካንዴላ ፈትቼ ብረቱ ላይ አስጠጋሁና ገመዱን ሳብኩ። ብልጭታ የለም። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ ሞከርኩ። የለም። ከኪሴ አዲስ ካንዴላ አውጥቼ ቀየርኩ። የለም። ኤሌክትሪክ ከሚሰጠው ከኮይሉ የሚመጣውን ወፍራም ሽቦ በሸሚዜ ጠረግኩት።

የለም!

"ምን ሆነ?"

"እሳት አይሰጥም።"

"አሁን እየሠራ አልመጣም እንዴ?"

ምን ልበላት? ጎንበስ ብዬ ሳይ... ማጥፊያው ባዶ ነው።

እንዲህ ነው ነገሩ። ነጂው እጁ ላይ አንዲት ቀይ ገመድ ያስራል። ክንድ እንኳ አትሞላም። ሌላኛው ጫፏ ላይ ያለችው መቆለፊያ ሞተሩ ማጥፊያ ላይ ትሰካለች። ሰውየው ውሃ ውስጥ ከወደቀ መቆለፊያዋ ትነቀላለች፣ እሳቱ ይቋረጣል፣ ሞተሩ ይጠፋል። እሷ ካልተሰካች ዓመት ሙሉ ብትስበው አይነሳም።

ታዲያ በምን መጣ?

ባዶውን ማጥፊያ በጣቴ ዳሰስኩት።

"ገመዱ የለም... አይደል?" አለች ዋርሳዬ በሹክሹክታ።

"የለም።"

"እጁ ላይ ነዋ።"

ሁለታችንም ውሃውን አየን። ለወንድሜ ፈራሁለት። እውነት ለመናገር ለራሴም ፈራሁ።

ከማጥፊያው የሚመጣውን ቀጭን ሽቦ በፒንሳ ቆረጥኩት። ገመድ ኖረም አልኖረ እሳቱን የሚያቋርጠው ነገር አይኖርም። ካንዴላውን አስጠግቼ ሳብኩ።

ጣ! ሰማያዊ ብልጭታ። ካንዴላውን መልሼ አሰርኩና ሞተሩን አስነሳሁ።

"አንቺ እዚሁ ቆዪ።"

"ሞቼ እገኛለሁ!" ብላ ዘላ ገባች።

ገባን። ጉሙ ዋጠን። እየዞርን ስሙን ጠራን። መሪውን ወደ ቀኝ ስይዘው ወደ ግራ ይመልሰኛል። ማዕበል ነው ብዬ ራሴን ሸነገልኩ።

ውሃው ግን ዝም ያለ ነበር።

ከዚያ ጀልባዋ ቀጥ አለች።

ሞተሩ ይጮኻል... ከኋላችን ውሃው ይፈላል... እኛ ግን ንቅንቅ የለም።

"ምን ያዘን?" አለች።

"መረብ ይሆናል።"

"አጥፋው... እስቲ እንስማ።"

ቤንዚኑን ዘጋሁት። አሳለ፣ አሳለ፣ ሞተ። የራሴን ትንፋሽ ብቻ ነው የምሰማው።

ዋርሳዬ ጉልበቴን ጨመደደችኝ።

"ጋሼ... ማጥፊያውን እየው።"

ባዶ የነበረው ማጥፊያ ላይ መቆለፊያዋ ተሰክታለች። ውሃ ይንጠባጠብባታል።

ቀዩ ገመድ ከእሷ ተነስቶ በጀልባዋ ጠርዝ ላይ ያልፍና ወደ ውሃው ይወርዳል። ክንድ የማትሞላዋ ገመድ... ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ዓይኔ እስኪሳነው ድረስ።

ደግሞ ተወጥራለች።

"እሱ ነው" አለች። እንባዋ ይወርዳል። "ጋሼ፣ ሳበው... በናትህ ሳበው!"

እጄን ሰድጄ ያዝኩት። ገና ሳልስበው...

ከታች ተሳበ። ቀስ ብሎ።

ቆመ።

እንደገና ተሳበ። ቀስ ብሎ።

ሁለቴ ቀስ። በሕይወቱ አንድ ቀን ሰምቶኝ የማያውቀው ወንድሜ...

"ያዢ" አልኳት። "ጠርዙን አጥብቀሽ ያዢ።"