ጊደርና ስፒከር

«ጥፋቱ የዚህ ነው አልኩህ!» ማረው አሮጌውን ስፒከር በጥፊ መታው። «ድምፅ የሚያወጣው እሱ ነው። እሱ ካረጀ ሌላው ሁሉ ከንቱ ነው።»

«ቀስ በል፣ አህያ መሰለህ?» አለ ጠጋኙ ቻላቸው። «ስፒከር ምን ያድርግ? አምፕሊፋየሩ የሰጠውን ነው የሚያወጣ።»

ጽጌሬዳ ጥግ ቆማ ወንድሟንና ጠጋኙን ታያለች። ዜማው ያለበትን ሚሞሪ የጠረጠረ የለም።

አባቷ መሪጌታ ተክለ ማርያም ካረፉ ዓመት ሊሞላ ነው። በሕይወት ሳሉ ማረው ዜማቸውን በስልኩ ቀድቶት ነበር፤ ስልኩ ሲበላሽ የቀረው ሚሞሪው ብቻ ነው። እናቷ ንግሥቲ በተዝካሩ ቀን ተማሪዎቻቸው እንዲሰሙት ትፈልጋለች። አሁን ግን ድምፁ ከእንስራ ውስጥ የሚወጣ ይመስላል። ዜማውን ከማንሳታቸው በፊት የሚስቡት ትንፋሽ ጭራሽ የለም።

«ትንፋሹ ይሰማ ነበር እኮ» አለች እናቷ። «እኔ እሱን ነው የምፈልግ። ነገ ጊደሯ ገበያ ትውጣና ደህና ስፒከር ይገዛ።»



ጽጌሬዳ ባለፈው ወር ለጓደኛዋ ለሰገን እህት ሠርግ ዘፈን ልታስጭን ሚሞሪውን ይዛ መንገድ ዳር ያለ ሱቅ ሄዳ ነበር። «ሞልቷል» አላት ባለ ኮምፒውተሩ። «ይሄ የዜማ ነገር ብዙ ቦታ ይዟል። ላሳንሰው? ጥራቱ ትንሽ ይቀንሳል እንጂ ያው ነው፣ አይታወቅም።»

«አሳንሰው» አለችው። አሳንሶ ዋናውን አጠፋው። በሐዘን ቤት ዘፈን አይከፈትም፤ ስለዚህ መሄዷንም ለማንም አልተናገረችም።

ስፒከር ይገዛ በተባለ ማግስት ጠዋት እናቷ የጊደሯን አንገት በገመድ አሰረች። ብቸኛዋ ጊደር ናት፤ ከርሞ ትወልዳለች ተብላ የተጠበቀች። ማረው ከኋላ እየነዳ ይቀልዳል።

«ትልቁን ነው የምንገዛ! ሐሙሲት ድረስ ይሰማል።»

«የአባትህን ነው ወይስ የአንተን ጩኸት?» አለች እናቱ። ባሏ ካረፉ ወዲህ ፈገግ ስትል የዛሬው የመጀመሪያዋ ነው።

ያ ፈገግታ ጽጌሬዳን ይበልጥ ከበዳት። ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም። አዲሱም ስፒከር ያንኑ ድምፅ ሲያወጣ አምፕሊፋየሩን ይረግማሉ፤ ያኔ ደግሞ ሌላ ከብት ይነዳል። ወደ ዋናው መንገድ ሊወጡ ሲሉ ሮጣ ገመዱን ያዘች።

«እማዬ፣ አትሽጫት።»

«ምነው ልጄ?»

«ስፒከሩ ምንም አልሆነም። አምፕሊፋየሩም። ሚሞሪውን ሱቅ ስወስደው ዋናው ዜማ ጠፋ። አባዬን ያሳነስኩት እኔ ነኝ።»

ማረው ዱላውን አወረደ። አንድ የጭነት መኪና እያጓራ ወደ ጎንደር አለፈ።

«ዋናውስ?» አለች እናቷ በመጨረሻ። «ከየትም አይገኝም?»

«አይገኝም።»

እናቷ ገመዱን ለቀቀችና መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ማረው ጊደሯን ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ። ጽጌሬዳም አብራው መሄድ ትችል ነበር። አልሄደችም። ከእናቷ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠችና ከሠርጉ ዘፈን ጀምራ ትነግራት ጀመር።