ዝም ያለው ኮምፒውተር

ኢንስፔክተር ፅዮን ስትደርስ የኪዳነወልድ አስከሬን ከፎቁ ሥር፣ የግቢው ድንጋይ ላይ በነጠላ ተሸፍኗል። የጆሮ ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነበር።

ኪዳነወልድ ከልጅነቱ ዓይነ ስውር ነው። በደብር ዜማ ተምሮ፣ ኋላ ኮምፒውተር ለመደ። ከሥራ ባልደረቦቹ ከይበልጣልና ከሃና ጋር ሆኖ እዚሁ ጎንደር ላይ ለገጠር ትምህርት ቤቶች የሚላክ የአማርኛ የኮምፒውተር ሥርዓት ያዘጋጅ ነበር።

ፅዮን ቀና ብላ አየች። በረንዳው የብረት አጥር የለውም።

«ማን አነሳው?»

«እኔ ነኝ» አሉ በያጁ አያ ውዱ። «ዝጎ አደጋ ሊያደርስ ነው ብዬ ጠዋት ወደ ሥራ ቤቴ ወሰድሁት። ለዚች ልጅ ለሃና ነግሬያታለሁ። ልጁ ሊወድቅ ሲል ‹ይበልጣል!› ብሎ ሲጣራ ሰምቻለሁ።»

ፅዮን ወደ ይበልጣል ዞረች። ፊቱ አመድ መስሏል።

«እኔ ከተሸካሚዎቹ ጋር ኮምፒውተር ማኪና ላይ ስጭን ነበር። ጠይቂያቸው።»

ተሸካሚዎቹም አረጋገጡ።

ሃና በለቅሶ መሐል ተናገረች። «እሱ ቅዳሴ ላይ ስለነበር ‹በረንዳው ብረት የለውም፣ እንዳትወጣ› ብዬ በኮምፒውተሩ ጻፍሁለትና ገበያ ወጣሁ። ሁልጊዜ እንዲያ ነው የምንነጋገረው። ገና ሲቀመጥ ኮምፒውተሩ መልእክቱን ያነብለታል።»

«ትናንት ከኪዳነወልድ ጋር ተጣልታችሁ ነበር አሉ?» ስትል ፅዮን ይበልጣልን ጠየቀችው።

«ጠብ እንኳ አይባልም» አለ ይበልጣል። «ከሥርዓቱ ጋር አብረው የሚሄዱትን ፕሮግራሞች ስንመርጥ ነው። ኮምፒውተሮቹ አሮጌ ናቸው፣ ሁሉን አይችሉም። እሱ ጽሑፍ በድምፅ የሚያነበው ይግባ አለ፤ እኔ ቪዲዮ ማጫወቻው ይሻላል አልሁ።»

«ምን ወሰናችሁ?»

«ገና አልተወሰነም።»

ፅዮን ፎቁ ላይ ወጥታ ከሟቹ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች። የሃና መልእክት እንደተጻፈ ገጹ ላይ አለ። የድምፁ ማስተካከያ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል። ፕሮግራሞቹን አንድ በአንድ አየችና ሦስቱንም አስጠራቻቸው።

«ማንም አልገፋውም» አለች። «ከቅዳሴ መጣ፣ ማዳመጫውን አደረገ፣ ኮምፒውተሩ ዝም አለው። የተበላሸ መስሎት ድምፁን እስከ ጥግ ከፈተ። አሁንም ዝም። አቶ ይበልጣል ታች መሆናቸውን በድምፃቸው አውቋል። ሊጠራቸው ወጣ፤ በየቀኑ የሚደገፈውን ብረት ሊደገፍ እጁን ዘረጋ።»

ሃና አፏን ያዘች።

«አቶ ይበልጣል፣ አልተወሰነም ብለውኝ ነበር። ቪዲዮ ማጫወቻው እዚህ ገብቷል፤ ጽሑፍ የሚያነበው ፕሮግራም የለም። የትናንቱን ክርክር እሱ ቅዳሴ ላይ ሳለ ጨረሱት።»

ይበልጣል ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «ፕሮግራሙን ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ላይ አንድ ላይ ነው የጫንሁት። የእሱም ኮምፒውተር አብሮ እንዳለ ትዝ አላለኝም። ብዙ ሰው የሚፈልገውን ነው የመረጥሁ... ይኼ ወንጀል ነው?»

ፅዮን ዐቃቤ ሕጉ ጋ ደወለችና ሁሉንም አስረዳችው። እሱ አዳምጦ ሲያበቃ «ስለ ፕሮግራም የሚል አንቀጽ የለኝም» አላት። «ብረቱን ማን ነው ያነሳው? እሱን አምጪው።»

«አስጠንቅቀዋል እኮ።»

«መከለያ አድርገዋል? አላደረጉም። አምጪያቸው።»

ስልኩን ዘጋች። ከዚያ አያ ውዱን አብረዋት እንዲሄዱ ጠየቀቻቸው።

«ምነው ልጄ? ተናግሬ የለም እንዴ?»

«ተናግረዋል፣ አያ ውዱ።»

ሽማግሌው የፖሊሱ ማኪና ውስጥ ገብተው በብየዳ የጠቆሩ እጆቻቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ።

«ባለቤቴ እናኑ ምሳ ይዛ ሥራ ቤቴ ትመጣለች» አሉ። «በሩ ተዘግቶ ስታይ እንዳትደነግጥ፣ ንገሪልኝ።»

ፅዮን ሾፌሩን በበያጁ ሥራ ቤት በኩል እንዲያልፍ አዘዘችው። ልታደርግላቸው የቻለችው ይህንኑ ብቻ ነበር።