እትዬና ያጠረው ቱቦ

ከመኪናዋ ስር አንድ እጅ ወጣ። ጥፍሮቹ የጠቆሩ፣ ግራሶ የጠገበ የወንድሟ እጅ ነው። ጣቶቹን አወዛወዘ። እሷም ከመሳሪያ ሳጥኑ ውስጥ አስራ ሁለት ቁጥር ቁልፍ አንስታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት።

እጁ ቁልፉን ጣለና እንደገና ተወዛወዘ። አስራ ሰባት ቁጥሩን ሰጠችው። እሱንም ጣለው።

«ምን ነካሽ?» አለ ወንድሟ ከስር። «ሳቢኝ እኮ ነው የምልሽ። ወገቤ ተቆረጠ።»

«ምንም አላልክም እኮ።»

«እጄን ዘረጋሁልሽ አይደል እንዴ? የተዘረጋ እጅ ይሳባል።»

«ትናንት ስስብህ ‹ቁልፍ አቀብይኝ ነው ያልኩሽ፣ ትከሻዬን ገነጠልሽው› ያልከው ማነው?»

ሌላኛውን እጁንም አወጣ። ሁለት እጁን ይዛ ስትጎትተው የተኛበት ካርቶን ላይ እየተንሸራተተ ወጣ። ግንባሩ ላይ ጭቃ፣ ጸጉሩ ላይ ዝገት ነበረበት። አመሰግናለሁ አላለም። ብሎም አያውቅም።

የትምህርት ቤት እረፍቷ እንዲሁ ነው ያለቀው። ወንድሟ «ብሎን» ይላታል፤ ትንሽ ስለሆነችና፣ እሱ እንደሚለው፣ በተፈለገች ቁጥር ስለምትጠፋ። የምትጠፋው ሆን ብላ እንደሆነ አልነገረችውም። መኪናዋን ደግሞ ዕድሜዋን አክብረው «እትዬ» ይሏታል። እትዬ አያታቸው ትተዋት ያለፉ አሮጌ ፎርዊል ናት። ለዓመታት ግቢው ጥግ ጎማዋ ተንፍሶ ቆማ፣ እናታቸው ኮፈኗ ላይ ብርድ ልብስ ስታሰጣባት ኖራለች። ዘንድሮ ወንድሟ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ግን የተራራ መኪና አደርጋታለሁ ብሎ ተነሳ። አካሏን ከጎማዎቿ በላይ የሚሸከሙትን ባሌስትራዎቿን በረጃጅም ቀየረ። ሰፋፊ ጎማ ገጠመ። ጣሪያዋ ላይ የዕቃ መጫኛ ፖርቶመጋላ አሠራላት፤ እላዩም ላይ የመብራት መዓት ደረደረ። እትዬ ቁመቷ ጨምሮ፣ ሰው ለመግባት የሚንጠላጠልባት ሆነች።

የሚታይ ነገር ሁሉ በፍጥነት ተሠራ። የማይታየው፣ ዘይቱ፣ ግራሶው፣ ፍሬኑ፣ ሁልጊዜ «ነገ» ይባላል። ሁለት ጊዜ ከጓደኞቹ ጋር ወደ ጫካው መንገድ ሊወጣ ቀጠሮ ይዞ ሁለቱንም ጊዜ «ነገ ትደርሳለች» ስላላቸው፣ ጓደኞቹ ስሙን «ነገ» ብለውታል። ሦስተኛው ቀጠሮ ቅዳሜ ጠዋት ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። ለብሎንም የኋላ ወንበር ቃል ተገብቶላታል። ይሄን ሁሉ ጊዜ የእጅ ባትሪ እያበራችለት የቆመችው ለዚያ ወንበር ስትል ነበር።

ወንድሟ ውሃ ሊጠጣ ሲገባ እሷ ጎንበስ ብላ የፊቱን ጎማ አየች። ግራሶ ሊቀቡት በክሪክ አንስተውታል፤ ጎማው ተንጠልጥሏል። ከሻንሲው፣ ከመኪናዋ የብረት አጽም፣ ወደ ጎማው የሚወርደው የላስቲክ ቱቦ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ተወጥሮ ነበር። በጣቷ ነካችው። ምንም አይላወስም።

«ይሄን አይተኸዋል?» አለችው ሲመለስ።

«የፍሬን ቱቦ ነው።»

«ምን እንደሆነ አልጠየቅኩህም። ተወጥሯል።»

«ጎማው ስለተንጠለጠለ ነው። ክሪኩን ስናወርደው ይላላል።»

«ጉድጓድ ላይ ጎማው ሲንጠለጠልስ? ‹የፎርዊል ውበቱ ጎማው አየር ላይ ሲቀር ነው› እያልክ ቪዲዮ ስታሳየኝ የከረምከው አንተ አይደለህ?»

ወንድሟ ተንበርክኮ አየ። ረዘም ላለ ጊዜ ነው ያየው። ከዚያ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተነሳ።

«ሰኞ እንቀይረዋለን።»

«ጉዞው እኮ ነገ ነው።»

«አቦ አታካብጂ፣ ብሎን። ያረጀ ቱቦ አይደለም። ትንሽ ነው ያጠረው።»

«አባዬ መካኒኩ ሳያያት ከግቢ አትወጣም ብሏል።»

«መካኒኩ የለማ።»

እሱንማ እሷም ታውቃለች። ጠዋት ወንድሟ ጥሪው ብሎ ልኳት፣ የጋራዡ በር ላይ የተንጠለጠለውን ጓጉንቸር አይታ የተመለሰችው እሷ ናት። ጎረቤቱ እስከ ሰኞ አይመለስም ብሏት ነበር።

በዚህ መሃል ረጅሙ ጓደኛው በግቢው አጥር ላይ አንገቱን አሰገገ። «ነገ!» ብሎ ተጣራ። «ጠዋት እንምጣ ወይስ እንደ ስምህ ነው?»

«ኑ» አለ ወንድሟ። «በር ላይ ታገኙኛላችሁ።»

«ለአሮጊቷ መኪናህም ምርኩዟን እንያዝላት?»

ጓደኛው እየሳቀ ሄደ። ወንድሟም አብሮ ሳቀ፤ ግን ጆሮዎቹ ቀልተው ነበር። ብሎን አይታ እንዳላየች ሆነች።

አባታቸው ልብስ ሰፊ ነው። የመንገድ ዳሩ ክፍል የእሱ ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ኮቶች አሉ። ሁለቱ ሲገቡ በከንፈሮቹ መሃል ስፒሎች ይዞ የሱሪ እግር ያጥፍ ነበር።

«መካኒኩ አያት?» አለ በጥርሱ መሃል።

«አይቷታል» አለ ወንድሟ። «ብሎንም ነበረች።»

አባቷ ከመነጽሩ በላይ አያት። በዚህ ቤት የወንድሟን ወሬ ለማጣራት ወደ እሷ መዞር የተለመደ ነው። ወንድሟ የክር መደርደሪያውን፣ ዕድሜውን በሙሉ አይቶት የማያውቅ ይመስል፣ ትክ ብሎ ያያል። አፏን ከፈተች። የሆነ ነገር ልትል ነበር። ምን እንደሆነ ሳትወስን ግን አባቷ ራሱን ነቀነቀ።

«እሺ እንግዲህ» አለና ከመሳቢያው የእትዬን ቁልፍ አውጥቶ ለወንድሟ ሰጠው። «ቀስ ብለህ ንዳ።»

ወደ ግቢው ስትወጣ በሁሉም ተናዳ ነበር። ሳይጠይቃት ምስክር ባደረጋት ወንድሟ፣ ዝምታዋን እንደ አዎ በቆጠረው አባቷ፣ ጋራዡን ዘግቶ በሄደው መካኒክ። ከሁሉም በላይ ግን በራሷ። ከምሳ በኋላ «ምንም አላልክም» ብላ የተከራከረች ልጅ፣ መናገር ሲያስፈልጋት ምላሷን ምን በላው?

እትዬ ክሪኩ ላይ እንዳለች ነበረች። ወንድሟ እንደ ልማዱ ጀምሮ ትቷታል። ፖርቶመጋላው ላይ ያሉትን መብራቶች በሸሚዙ ጫፍ ያብሳል።

«ና እስቲ አንድ ነገር ያዝልኝ» አለችው።

«ምን?»

«ቱቦውን። ከጎን ሆነህ በሁለት ጣትህ ያዘው። ከስር እንዳትገባ።»

ምን ልትሠራ ነው በሚል ዓይን እያያት ወርዶ ተንበረከከ። እሷ ተንጠላጥላ የሹፌሩ ወንበር ላይ ወጣች፤ መሪውን በሁለት እጇ ይዛ እስከ መጨረሻው አዞረችው።

«ቆዪ፣ ቆዪ» አለ። «መልሺው። ብረቱን እየጎተተው ነው።»

መለሰችውና ወረደች። ቱቦው ከሻንሲው ጋር የሚገናኝበት ቀጭን የፍሬን ብረት ትንሽ ጎብጦ ነበር። ወንድሟ ጣቱን ከእሱ ላይ አላነሳም።

«እኔ ከኋላ ነው የምቀመጠው» አለችው።

«አውቃለሁ።»

«የምታውቅ አትመስልም።»

መሬት ላይ ተቀመጠ። «ሦስተኛ ጊዜ አልመጣም ልበላቸው? ዓመቱን ሙሉ ነው ሙድ የሚይዙብኝ።»

«ይያዙብሃ። እኔ ላይ ስትይዝ አይደል የከረምከው? አልሞትኩም። ሂድና ለአባዬ ንገረው።»

«ጠዋት እነግረ...» ብሎ ጀመረና ራሱ አቋረጠው።

ጠበቀችው። ቧንቧው ጋ ሄዳ እጇን ታጠበች፤ ግራሶው በሳሙና አልለቅ ሲላት በአሸዋ አሸችው፤ እንደገና ታጠበች። ዞር ስትል አሁንም እዚያው ተቀምጦ ነበር። እጇን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ወደ ቤት ገባች።

«አባዬ» አለች ከበሩ ላይ ሆና። «መካኒኩ አላያትም። ቅድም ዝም ያልኩት አዎ ማለቴ አልነበረም።»

የስፌት መኪናው ቆመ። አባቷ ስፒሎቹን ከአፉ እያወጣ ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። ችኮላ የለውም፤ ይሄኛው ልማዱም ያናድዳታል።

«ምኗ ነው?»

«ባሌስትራውን ስንቀይር ከፍ አደረግናት። የፍሬኑን ቱቦ ግን አልቀየርነውም። ያው የድሮው ነው።»

ትንሽ አሰበ። «ልጁ አድጎ ሱሪው የአምናው ነው በይኛ።»

«አዎ። ጎንበስ ሲል የሚቀደድ።»

አልሳቀም። ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ተነስቶ ወጣ። ብሎን አልተከተለችውም። በመስኮቱ በኩል ጩኸት ጠበቀች፤ አልመጣም። የአባቷ ድምፅ ዝግ ያለ ነበር፤ የወንድሟ ጭራሽ አይሰማም። ከዚያ አባቷ ተመልሶ የእትዬን ቁልፍ መሳቢያው ውስጥ ጣለና ሲያጥፈው የነበረውን ሱሪ አነሳ።

ወንድሟ በአጠገቧ ሲያልፍ ቆም አለ።

«የኋላ ወንበርሽንም አጣሽ።»

«አውቃለሁ» አለች።

ማታ እራቱን ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ። መሳሪያ ሳጥኑ ግቢው መሃል እንደተከፈተ አደረ።

ጠዋት መንገዱ ላይ ጥሩምባ ተነፋ። ወንድሟ ወጥቶ በሩን ራሱ ከፈተ። ምን እንዳላቸው አልሰማችም፤ ሳቃቸውን ግን ሰማች። «አንተ ነገ!» አለ የረጅሙ ጓደኛው ድምፅ፤ መኪኖቹም እየራቁ ሄዱ። ወንድሟ በሩን ዘግቶ እዚያው ጥቂት ቆመ።

እሷ ቀድማ ተነስታ ሥራ ጀምራለች። እትዬ አሁን በብረት መደገፊያዎች ላይ ናት፤ ማታ አባታቸው ነው ያስገባቸው። ቱቦውን ፈታ፣ ሰኞ የመለዋወጫ ሱቁ ሲከፈት ለናሙና ልትወስደው አስባ ነበር። የፍሬን ዘይቱ እንዲንጠባጠብበት ባዶ ጣሳ ከስሩ አስቀምጣ ካርቶኑ ላይ ተኝታለች። የታሰረበት ዳዶ አልላላ ብሏታል። የያዘችው ቁልፍ እየሾለከ ጣቷን ይልጣታል።

በጎማው አጠገብ የወንድሟ ነጠላ ጫማ መጥቶ ቆመ። ከዚያ እሱ ራሱ ከመሳሪያ ሳጥኑ ጎን ቁጭ ሲል ሰማችው።

እሷ እጇን ከመኪናዋ ስር አወጣች።

«አስራ አራት ቁጥር ቁልፍ» አለች።

ፈልጎ ሰጣት።