የባለሱቁ ጥያቄ

«ቀርበሽ ነው የምታነሺው ወይስ ርቀሽ?» አሉ ባለሱቁ።

ቁንጫ መልሱን አታውቀውም። የመስታወቱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ካሜራዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሁለቱም ጥቁር፣ ሁለቱም ኪስ የሚገቡ፣ ሁለቱም በሕልሟ እንኳ ይዛ የማታውቃቸው ውድ ዕቃዎች። አንዱን መርጣ መሄድ ብቻ ነበር የቀራት። ሰው የፎቶ ውድድር ሽልማቱን ለመቀበል ይህን ያህል ይጠየቃል ብላ አላሰበችም።

«ሁለቱንም… እንደ ሁኔታው» አለች፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ እግሯ እየቆመች። ቁንጫ ያሏት የክፍሏ ልጆች ናቸው፤ አንድ ቦታ መርጋት ስለማትችል። ዛሬ ደግሞ ብሶባታል።

ባለሱቁ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቀሉ። «እንደ ሁኔታው አይባልም የኔ ልጅ። ካሜራ እንደ ጫማ ነው፤ ሳይለካ አይወሰድም። ይሄኛው ዙም አለው። ከሜዳው ማዶ ያለውን ሰው እዚሁ ቆመሽ ታመጪዋለሽ። ስክሪኑም ይታጠፋል። ያኛው ዙም የሚባል ነገር አያውቅም፤ የምትፈልጊው ነገር ጋ በእግርሽ መሄድ አለብሽ። ግን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል፤ ደብዘዝ ያለ ክፍል ውስጥ ያለ ፍላሽ ቁልጭ አድርጎ ያነሳል። ዋጋቸው እኩል ነው፤ ሰዋቸው ግን ለየቅል ነው።»

«ዙሙን ውሰጂ አቦ!» አለች ጭራሮ።

ጭራሮ የቁንጫ የልብ ጓደኛ ናት። ስሙን ያወጣላት የገዛ ወንድሟ ነው፤ ቅጥነቷን አይቶ። ከትምህርት ቤት እስከ ሱቁ ድረስ ስትስቅና ስታወራ ነው የመጣችው፤ ላያት ሰው ተሸላሚዋ እሷ ትመስላለች።

«ኳስ ጨዋታ ላይ ነፍ ፎቶ ታነሺበታለሽ» አለች ጭራሮ። «ቆይ ግን፣ የትኛው ፎቶሽ ነው ያሸነፈው? እስካሁን አልነገርሽኝም እኮ።»

«ሰኞ ትምህርት ቤት ሲለጠፍ ታዪዋለሽ አልኩሽ አይደል?»

«አትፎግሪኝ! የድመቷ ነው? የአጥሩ?»

«ታዪዋለሽ አልኩሽ!» ድምጿ ካሰበችው በላይ ጮኸ። ጭራሮ እጇን አንስታ «እሺ፣ እሺ» አለችና ሳቀች።

ጉዱ ያለው እዚያው ላይ ነበር። ከወር በፊት የትምህርት ቤቱ ጽዳት ሠራተኛ ኮሪደሩ ላይ አንድ ባልዲ ውሃ ደፉ። ጭራሮ ስልክ የላትም። «ስልክሽን፣ ቶሎ!» ብላ ከቁንጫ እጅ ነጥቃ ከክፍል ወጣች። ቁንጫ ቦርሳዋን ሰብስባ እስክትወጣ ነገሩ ሁሉ አልቆ ነበር፤ ያገኘቻት ዩኒፎርሟ ርሶ ከሴትዮዋ ጋር ስትንከተከት ነው። ጭራሮ ያነሳችው ፎቶ ግን ቁንጫ ስልክ ውስጥ ቀረ። ወለሉ ላይ የተኛው ውሃ፣ ውሃው ውስጥ ተገልብጠው የሚስቁት ሴትዮ፣ ከበላያቸው መጥረጊያው።

ከዚያ ውድድሩ መጣ። ቅጹ ሦስት ፎቶ ይላል። ቁንጫ ሁለት አገኘች፣ ሦስተኛ አጣች፣ ቀኑም አለቀባት። የውሃውን ጨመረችበት። ስልኩ የኔ ነው አለች ለራሷ። ደግሞስ የት ሊያሸንፍ? ዛሬ ጠዋት በሰልፉ ላይ ስሟ ሲጠራ የሥዕል መምህሯ ጠጋ ብላ «ያ የውሃው ፎቶ!» ስትላት፣ ደሟ ከፊቷ ሸሸ። ያኔ ብትናገር ምን ነበረበት? ዓይኗን በጨው ታጥባ «አመሰግናለሁ» አለች።

«በቃ ዙም ያለውን ስጡኝ» አለች አሁን፣ እጇን ወደ ጠረጴዛው ሰዳ።

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» አሉ ባለሱቁ። «ቆዪ፣ አንቺ ካላወቅሽው ፎቶሽ ይነግረናል። ለሰኞ እንዳትምላችሁ መምህርሽ ልካልኛለች፤ ታትሞ ደርሷል።» መጋረጃውን ገልጠው ወደ ጓዳው ገቡ።

ቁንጫ ወደ በሩ አየች፣ ወደ መጋረጃው አየች። «ጭራሮ፣ እባክሽ ውሃ ግዢልኝ። ጠማኝ።»

«አሁን? ፎቶሽን ሳላይ? ሞቼ ነው ቆሜ!»

ባለሱቁ ትልቅ ወረቀት ይዘው ተመለሱ። ጀርባው ወደ ልጆቹ፣ ፊቱ ወደ እሳቸው ነበር። መነጽራቸውን አውርደው ብዙ ጊዜ አዩት።

«ተኝተሽ ነው ያነሳሽው?»

«ቆሜ ነው» አለች ቁንጫ፣ ሳታስበው።

«ቆመሽ?» ግራ ገባቸው። «ቆሞ እንዲህ አይታይም። ይሄን ያነሳው ሰው አገጩ ወለሉን ሳይነካ አልቀረም።»

ጭራሮ አንገቷን አሰገገች። ቁንጫ ወረቀቱን ነጥቃ መሮጥ አማራት። ሰኞ እንዲመጣ አልፈለገችም፣ ማክሰኞም፣ ከዚያ በኋላ ያለውም። እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ከባለሱቁ ተቀበለችና ጭራሮ ፊት ለፊት አዞረችው።

«ያንቺ ነው» አለች።

ጭራሮ መጀመሪያ ፈገግ አለች። «እንዴ! ያን ቀን! እዪ ጥርሳቸውን…» ከዚያ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ጠፋ። «ይሄ ነው ያሸነፈው?»

«አዎ።»

«በስምሽ?»

«አዎ።»

«ጠዋት ሳጨበጭብልሽ… ታውቂ ነበር?»

ቁንጫ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«እጄ እስኪቀላ እኮ ነው ያጨበጨብኩት» አለች ጭራሮ። «ብትጠይቂኝ እሰጥሽ ነበር። ስምሽን ጻፊበት እልሽ ነበር። ምን ያደርግልኛል!» ድምጿ ተሰበረ። ቦርሳዋን አንስታ በሩን ከፍታ ወጣች። በሩን እንኳ ወርውራ አልዘጋችውም።

ባለሱቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሩጪ፣ ድረሺባት» አሉ በቀስታ።

እግሯ ተዘጋጅቶ ነበር፤ መሮጥ እንደሆነ ታውቅበታለች። መንገድ ላይ ብትደርስባት የሚሆነውም ታያት። ታለቅሳለች። ጭራሮ ሆዷ አይችልም፤ «በቃ ተይው» ትላታለች። ሰኞ ፎቶው ይለጠፋል፣ ከሥሩ የቁንጫ ስም ይኖራል፣ ጭራሮም ዝም ብላ በአጠገቡ ታልፋለች። ይህ ሲታያት አፈረች፤ ከጠዋቱ ይበልጥ አፈረች።

ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።

«ጋሼ፣ የመምህሯ ስልክ አለዎት?»

ባለሱቁ አዩዋትና ቁጥሩን ደውለው ስልካቸውን ሰጧት።

«እሺ፣ የትኛውን መረጠች?» አለች መምህሯ፣ ባለሱቁ መስለዋት።

«ቲቸር፣ እኔ ነኝ። የውሃውን ፎቶ እኔ አይደለሁም ያነሳሁት። የሰው ነው። ሳልጠይቃት ነው የላክሁት።»

ባለሱቁ ዙም ያለውን ካሜራ ወደ ሳጥኑ መለሱ። ያኛውን እዚያው መስታወቱ ላይ ተዉት።

«ነገ ጠዋት ቢሮ ትመጫለሽ» አለች መምህሯ በመጨረሻ። ድምጿ ተለውጧል። «ያነሳችውስ ማን ናት?»

ቁንጫ ጭራሮ አላለችም። ሙሉ ስሟን፣ ከነአባቷ ከነአያቷ፣ አንድ በአንድ ተናገረች።

«ድገሚልኝ» አለች መምህሯ። «ልጻፈው።»

ቀስ ብላ ደገመችላት።